ዳግም አረቄ ለሳይንስ

በአዲ አርቃይ ልጅ ያለበት ቤት ሁሉ የሚፈራት አንዲት ዓረፍተ ነገር አለች፦ «ቲቸር አምጡ ብሎናል» የምትል። በቀን ብርሃን አትነገርም። ልጁ ከትምህርት ቤት መጥቶ ምሳውን ይበላል፣ ኳሱን ይለጋል፣ ከጎረቤት ልጅ ተጣልቶ ይታረቃል፣ ራቱን በልቶ እግሩን ይታጠባል። ሱቅ ሁሉ ተዘግቶ ባለሱቁም ከተኛ በኋላ፣ አንሶላውን እስከ አገጩ ስቦ ያን ጊዜ ይናገራታል። ካርቶን አምጡ ብሎናል። ማስቲሽ አምጡ ብሎናል። የማዳበሪያ ከረጢት አምጡ ብሎናል። ለነገ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው የታወቀ ነው። አባት በጫማ ካርቶን ያጠራቀመውን የግብር ደረሰኝ አልጋው ላይ ይዘረግፋል። እናት ማስቲሽ ስለሌለ የስንዴ ዱቄት በሙቅ ውሃ ትበጠብጣለች። ታላቅ ወንድም «እኔ ድሮ ስሠራው እንደዚህ አልነበረም» ብሎ መቀሱን ይነጥቃል። ባለጉዳዩን እንቅልፍ ወስዶታል። ጠዋት ሲነሳ ሳንባና ጉበት ያለው የካርቶን ሰው ግድግዳ ተደግፎ ይጠብቀዋል። ይዞት ይሄዳል፣ ከአሥር ስምንት ያገኛል፤ ሁለቷ ለምን እንደጎደለች አባትየው ሳምንቱን ሙሉ ሲብሰለሰል ይከርማል።

የእህቴ ልጅ አራተኛ ክፍል ናት። አንድ ዓርብ ማታ ይህችኑ ዓረፍተ ነገር ይዛ መጣች፤ መካከሏ ላይ ግን ያልለመድነው ቃል ነበረበት።

«ቲቸር አረቄ አምጡ ብሎናል።»

እናቴ አረቄ ታወጣለች። ሊማሊሞን በሰላም የወረደ መንገደኛ ነፍሱ መለስ እንድትልለት የሚጎነጫት ዓይነት ናት። ያን ማታ ጀበናዋን ከማጠብ ቀና አለችና «ሳይንስ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው መጠጣት የጀመረ?» አለች።

ደብተር ተገለጠ። ጠመኔ፣ እስክሪብቶ፣ ሶፍት፣ ብርጭቆ፣ «አልኮል ከተገኘ» ይላል። መምህሩ ያሰበው በኮሮና ጊዜ እጃችን ላይ ሲረጩብን የነበረውን የፋርማሲ አልኮል ነው። ልጅቷ ግን «ከተገኘ» የሚለውን አይታ የት እንደሚገኝ ለማሰብ ጊዜ አላጠፋችም፤ ከጓዳችን በር ጀርባ ነው። እህቴ «ከፋርማሲ እገዛለሁ» ብላ ልትገላገል ነበር። እናቴ አልፈቀደችም። ስንት ዓመት በሰካራም ስትታማ የኖረች ሴት፣ አንድ ቀን መንግሥት ራሱ በትምህርት ቤት በኩል ሲፈልጋት ለፋርማሲ ታሳልፍ?

«ተራ ነው የሚፈልገው፣ ዳግም?» ብላ ጠየቀች።

በዚያ ሌሊት ቤታችን ውስጥ ከተባለው ሁሉ ሳይንሳዊ ጥያቄ ያ ብቻ ነበር። የሚያውቅ ስላልነበረ ሁለቱም ይሞከሩ ተባለ። ደግነቱ ሥራው ለሰኞ ነው፤ ቅዳሜና እሁድ አሉን።

ሥራው ቀላል ነው። ጠመኔውን ከታች ጣት ያህል ከፍ ብላችሁ ዙሪያውን በጥቁር እስክሪብቶ ቀለበት ታሰምሩበታላችሁ። ብርጭቆ ውስጥ ቀለበቱ ድረስ የማይደርስ ጥቂት አረቄ ትጨምራላችሁ። ጠመኔውን ታቆሙታላችሁ። ከዚያ እጃችሁን ትሰበስባላችሁ፤ ይህኛው ነው ከባዱ። ቤታችን ውስጥ እጁን መሰብሰብ የቻለ ትልቅ ሰው አልነበረም። የልጅቷ አባት ብርጭቆውን ወደ ብርሃን አዞረው፣ እኔ ወደ ጥላው መለስኩት፣ እናቴ «አትነካኩብኝ፣ ዝንብ ይገባበታል» ብላ በስፌት ከደነችው። ልጅቷ በአራት ጎልማሳ ትከሻ መካከል አሾልካ ታያለች።

ፈሳሹ በጠመኔው ውስጥ ሽቅብ ይሳባል፤ ቀለበቱ ጋ ሲደርስ ቀለሙን ይዞት ይወጣል። በውሃ አይሆንም። የእስክሪብቶ ቀለም ቅባትነት ስላለው ውሃ በአጠገቡ ቢያልፍም ዘወር ብሎ አያየውም። በተራ አረቄ ተነቃነቀ፣ ግን እግሩን እየጎተተ። በዳግም ጊዜ ተነሥቶ ሄደ። ዕድሜ ልካችንን ጥቁር ብለን የጻፍንበት ቀለም አንዱ ጋ ሐምራዊ፣ ሌላው ጋ ሰማያዊ ሆኖ ተገኘ። የልጅቷ አባት ኪሱ ውስጥ ያለውን እስክሪብቶ አውጥቶ ለረጅም ጊዜ ተመለከተው።

ምክንያቱን ለልጅቷ ያስረዳናት በሊማሊሞ ነው። ከዛሪማ ብዙ ሰው አብሮ ሽቅብ ቢነሳ ደባርቅ አብሮ አይደርስም። ጉልበታሙ ይቀድማል፤ በየመታጠፊያው ድንጋይ ላይ ካልተቀመጥኩ የሚለው ይቀራል። ቀለሞችም እንዲሁ ናቸው። አንዳንዱ አረቄውን ወዶ ከእሱ ጋር ይሮጣል፣ አንዳንዱ ጠመኔውን ወዶ ይጣበቃል፤ ስለዚህ ተቀላቅለው የተነሱት ተለያይተው ይደርሳሉ።

ተራና ዳግም ለምን ተለያዩ ለሚለው ማስረጃው ጓዳ ውስጥ ነው። አልኮል የሚፈላው በ78 ዲግሪ ሴልሺየስ ግድም ነው፤ ውሃ በ100፤ እንደ እኛ ከፍ ያለ አገር ደግሞ ሁለቱም ከዚያ ዝቅ ይላሉ። ስለዚህ ከተጣደው እንስራ ቀድሞ የሚሸሸው አልኮሉ ነው። በመቃው አልፎ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ የተዘፈዘፈው ዕቃ ሲደርስ ተመልሶ ፈሳሽ ይሆናል። የወጣው እንደገና ሲጣድ አልኮሉ ይበረታል፣ ውሃው ይቀንሳል፤ ይኸው ነው ዳግም። እናቴ ቴርሞሜትር በእጇ ይዛ አታውቅም። እሳቱ ሲበረታ ግን እንጨት ትስባለች፤ «ውሃው ተከትሎ ይወጣል» ትላለች። ልጅቷ ይህን ደብተሯ ላይ ጻፈችው። እናቴ የተናገረችው ነገር ሲጻፍ ስታይ የመጀመሪያዋ ስለነበር ነጠላዋን አስተካክላ ተቀመጠች።

በጠመኔ ቀለም መለየት የልጆች ጨዋታ ይምሰል እንጂ ባለቤት አለው። ሚካኤል ጽቬት የሚባል ሩሲያዊ የዕፅዋት ተመራማሪ በ1903 እ.ኤ.አ. ዋርሶ ላይ ለባልደረቦቹ ያሳየው ይህንኑ የሚመስል ነገር ነበር። የመስታወት ቱቦ ውስጥ የጠመኔ ዱቄት ጠቅጥቆ የቅጠል ጭማቂ አፈሰሰበት፤ አረንጓዴ ብቻ የሚመስለው ቅጠል አረንጓዴና ቢጫ ቀለበት ሠርቶ ተደረደረ። ባልደረቦቹ ብዙም አልተደነቁም። ሰውየው በ1919 ሞተ፤ ዘዴው ከዓመታት በኋላ ተነሥቶ ዛሬ መድኃኒት የሚመረምር ላቦራቶሪ ሁሉ የዚያ ቱቦ የልጅ ልጅ አለው። ከእሱ በፊት ደግሞ ሩንገ የሚባል ጀርመናዊ ኬሚስት ወረቀት ላይ ኬሚካል እያንጠባጠበ፣ ነጠብጣቡ በራሱ እየተስፋፋ የሚሥላቸውን ሥዕሎች በ1855 መጽሐፍ አድርጎ አሳተመ። ሩንገን የጠቀስኩት ለቡና ጠጪ ወገኖቼ ስል ነው፤ ገጣሚው ጎቴ የቡና ፍሬ ሰጥቶት በ1819 ካፌይንን ለይቶ ያወጣው እሱ ነው። ሥዕልና ሳይንስ እጃቸው ላይ ተለይተውባቸው የማያውቁ ሰዎች ነበሩ።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ጎረቤታችን መሪጌታ ለቡና መጡ። ብራና የሚጽፉ ሰው ናቸው፤ እኛ የኔታ እንላቸዋለን። ጠመኔዎቹ በየብርጭቆው ቆመው ሲያዩ መጀመሪያ የመሰላቸው ነገር ጥሩ አልነበረም። እናቴ «የትምህርት ቤት ነው» አለቻቸው። ልጅቷ አስረዳቻቸው። ዝም ብለው ሰሙና ወደ ቤታቸው ተመልሰው በቀንድ ያለውን ቀለማቸውን ይዘው መጡ።

«እስቲ የእኔንም ወደ ደባርቅ አውጪው» አሏት።

የየኔታ ጥቁር ቀለም ከምጣድና ከድስት ቂጥ የተፋቀ ጥላሸት፣ የተቆላ እህልና ቅጠል አብሮ ተወቅጦ፣ ውሃ ገብቶበት ለወራት እየታሸ የሚብላላ ነው። በመቃ ብዕር ጠመኔው ላይ ቀለበት አደረጉ። ጠመኔው ዳግሙ ውስጥ ቆመ። አረቄው ተሳበ፣ ቀለበቱን አልፎ ወጣ፣ ጫፍ ደረሰ። ቀለበቱ ካለበት ንቅንቅ አላለም። ልጅቷ ጠጋ ብላ አየችና ከጠርዙ ጥቂት ቡናማ ነገር ሽቅብ መሸሹን አሳየቻቸው።

«እሱ ገብሱ ነው» አሉ የኔታ። ከዚያ ፊታቸው ፈካ አለ። «አረቄ ስንቱን ሰው ከቦታው አስነሥቷል። ይህን ግን አላስነሳም።»

ምስጢሩ ጥላሸቱ ነው። ጥላሸት ካርቦን ነው፤ በውሃም በአልኮልም አይሟሟም። የማይሟሟ ነገር ደግሞ ፈሳሽ ተከትሎ መንገድ አይሄድም። ፀሐይም አታደበዝዘውም። በዋልድባም በጎንደርም አድባራት ያሉ የብራና መጻሕፍት ከነጥቁረታቸው የቆዩት በደጓሹ ጥንቃቄ ብቻ አይደለም፤ የድስት ቂጥ ውለታ አለበት። የእስክሪብቶ ቀለም ግን የዛሬ ሁለት ዓመት የተጻፈ የዕቁብ ደብተር ላይ እንኳ አረቄ ከፈሰሰበት ማን ስንት እንዳለበት እግዜር ነው የሚያውቀው።

ከዚህ በኋላ ነገሩ ከጠመኔ አለፈ። ልጆች እጃቸው ከጀመረ አይቆምም፤ ልጅቷ «ሌላስ ምን ይሟሟል?» ብላ ጓዳ ገባች። እህቴ የእርድ ማሰሮዋ የቀለለችበትን ምክንያት ያወቀችው ማታ አልጫ ስትሠራ ነው።

እርድ ውሃ ውስጥ ከታች ይዘቅጣል እንጂ ደህና አይሟሟም። ዳግም አረቄ ውስጥ ግን ቢጫ ይሆናል፣ እንዲያውም ዓይን የሚወጋ ቢጫ። ወረቀት ነክራችሁ ስታደርቁት የሥዕል ወረቀት ተገኘ ማለት ነው። አሁን ሳሙና በውሃ በጥብጡና በእንጨት ጫፍ እየነከራችሁ ሣሉበት። መስመሩ ደም ይመስላል። የአመድ ውሃም ያው ነው። ስታጠፉ ደግሞ ላጲስ አያስፈልግም፤ ሎሚ ጨምቃችሁ ስትነኩት ቀዩ ወደ ቢጫነቱ ይመለሳል። ልጅቷ የሊማሊሞን ጥምዝምዝ በሳሙና ሠራችው፤ እናቴ ሁለት መታጠፊያ በሎሚ አጠፋችባትና «አሁን ቀለለ» አለች። መንገድ ሥራ ድርጅት ቢሰማት ደግ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው፤ የእርድ ቀለም ሎሚን ከመሰለ ኮምጣጣ ጋር ቢጫ ነው፣ ሳሙናና አመድን ከመሰለ ነገር ጋር ደግሞ ይቀላል። ሮበርት ቦይል የሚባል የአየርላንድ ተወላጅ ስለ ቀለም በ1664 ባሳተመው መጽሐፍ ኮምጣጣና ተቃራኒውን ለመለየት የአበባ ጭማቂ ተጠቅሟል፤ ቀይ የሚሆነው አንድ ወገን፣ አረንጓዴ የሚሆነው ሌላ ወገን። ከመተማ በኩል የሚመጣው ከርከዴም ይህን ያደርጋል። እናቴ ይህን ሁሉ ሰማችና አፏን በነጠላዋ ጥግ ሸፈነች፤ ስትስቅ ነው።

«ነጠላ ላይ አልጫ የፈሰሰ እንደሆን ሳሙና ሲነካው ይቀላል። ስትለቀልቂው ቢጫ ይሆናል። ፀሐይ ላይ ስታሰጪው ይጠፋል። ይኼን የማያውቅ ማን ነው?»

እውነቷን ነው። ቦይል ነጠላ አጥቦ አያውቅም።

እኔ ደግሞ ትዝ ያለኝ እንቁጣጣሽ ነው። ሴቶቹ አበባየሆሽ ሲሉ ወንዶቹ ሥዕል ይዘን በየቤቱ እንዞር ነበር፤ ፀሐይ፣ አበባ፣ ከሁሉ በላይ መልአክ። የመልአኩ ዓይን ትልቅ መሆን አለበት፤ ምሳሌያችን የጎንደሩ የደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣሪያ ነውና፣ እዚያ ያሉት መላእክት ዓይናቸው ከፊታቸው ግማሹን ይወስዳል። ቀለም ገዝቶ የሚሥል የነጋዴ ልጅ ብቻ ነው። ሌላው ከጓዳ ይሰርቃል። ቢጫ ከእርድ ወይም ከአደይ አበባ፣ አረንጓዴ ወረቀት ላይ ከታሸ ቅጠል፣ ጥቁር ከከሰል፣ ቀይ ደግሞ ከቀይ እስክሪብቶ ቀሰም በትንፋሽ ተነፍቶ። የነፋው ልጅ ከንፈሩ እስከ መስቀል ድረስ ቀይ ነው። ታላቅ ወንድሜ አንድ ዓመት በሳሙና እጁ የመልአኩን ጉንጭ ነካውና መልአኩ አፈረ። ምን እንደሆነ አልጠየቅንም፤ ምስጢሩን ይዘን የዚያ ዓመት መላእክት ሁሉ ጉንጫቸው ቀላ፣ ሳንቲሙም በዛ። የአደይ ወገን የሆኑ ብዙ ቢጫ አበቦችም አመድ ውሃ ሲነካቸው ወደ ብርቱካንማ እንደሚሄዱ ያነበብኩት ብዙ ቆይቼ ነው። በዚያን ጊዜ ብናውቅ ሀብታም እንሆን ነበር።

አሁን አሁን ሥዕሉ ታትሞ ይሸጣል። ልጁ ገዝቶ፣ ስሙን ጽፎ፣ በር ያንኳኳል። መልአኩ በየቤቱ አንድ ዓይነት ነው። የማተሚያ ቤቱን ባለሙያ ምንም አልለው፤ ልጁ ግን ከንፈሩ ንጹሕ ነው፣ እኔ ደግሞ ንጹሕ ከንፈር ላለው ሳንቲም ሳወጣ እጄ ይከብደኛል።

በየትምህርት ቤቱ «አምጡ» ተብሎ የተሠራው ሁሉ የሚቆለፍበትን ክፍልም የገባበት ያውቀዋል። መምህራን ፔዳጎጂ ይሉታል። ማዳበሪያ ከረጢት ላይ የተሣለ የአፍሪካ ካርታ፣ የልብ ክፍሎች፣ ከቆርኪ የተሠራ መቁጠሪያ፣ የውሃ ዑደት። ብዙ ድካም ያለበት፣ ያማረ ሥራ ነው። ቁልፉን የያዘው ሰው ሲገኝ ይታያል፤ አይነካም። የውሃ ዑደትን ከረጢት ላይ ለማየት ቁልፍ የሚጠበቀው እዚህ ነው፤ ቀና ቢሉ ሰሜን ተራራ ላይ ደመናው ሲከመር፣ ጎንበስ ቢሉ ዛሪማ ወደ ተከዜ ሲወርድ በሚታይበት አገር። አዲስ አበባ ላይ በመስከረም 2015 ዓ.ም. የሳይንስ ሙዚየም ተመርቋል፣ ይበል ነው፤ ከእኛ ከ800 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። እስከዚያው ሎሚ አለን።

እሁድ ማታ ላይ የመጨረሻው ፈተና መጣ። ጠመኔዎቹ ደርቀው፣ መሐላቸው በእስክሪብቶ ተነክቶ ዳግም የተንጠባጠበባቸው የሶፍት አበቦች ቀለማቸው ወደ ጠርዝ ተዘርግቶ፣ የእርዱ ሊማሊሞ ከሁለት መታጠፊያው በቀር ሙሉ ሆኖ ካርቶን ላይ ተለጠፉ። ከታች በኩል ስም የሚጻፍበት ባዶ ቦታ ቀረ። የልጅቷ አባት ካርቶኑን የቆረጠው እሱ መሆኑን አነሳ። እህቴ ማስቲሹን አስታወሰች። እናቴ ምንም አላለችም፤ የአረቄውን ጠርሙስ ብቻ ከካርቶኑ አጠገብ ጠጋ አድርጋ አስቀመጠችው። የኔታም «ለስሙ እንኳ ግድ የለኝም» አሉ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው።

እኔ ይህን ጊዜ ለልጅቷ የአንድ እንግዳ ታሪክ ነገርኳት። ጄምስ ብሩስ የሚባል ስኮትላንዳዊ በ1769 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ከምጽዋ ተነሥቶ በዚሁ በእኛ በኩል፣ አዲ አርቃይን አልፎ ሊማሊሞን ወጥቶ በ1770 መጀመሪያ ጎንደር ገባ። ቴሌስኮፕ፣ ባሮሜትር፣ ቴርሞሜትር፣ የከዋክብትን ከፍታ የሚለካ ኳድራንት ጭኖ ነበር። ከእሱ ጋር ሉዊጂ ባሉጋኒ የሚባል የቦሎኛ ሰው ነበረ። ባሉጋኒ ሠዓሊ ነው። የአየሩን ሁኔታ ይመዘግባል፣ የአገራችንን ዕፅዋት ቅጠል በቅጠል ይሥላል። ሥዕሉ ሳይንስ ነው፤ ያለ እሱ ሥዕል ኮሶን አውሮፓ የተቀመጠ ተመራማሪ እንዴት ይለየዋል? ባሉጋኒ ጎንደር ላይ ሞተ። ብሩስ አገሩ ገብቶ በ1790 አምስት ቅጽ መጽሐፍ አሳተመ፤ ሥዕሎቹንም የራሱ እጅ ሥራ አስመሰላቸው። ወደ አባይ ምንጭ ግሽ ሲሄድ አብሮት የነበረውን ሰው ከዚያ በፊት የሞተ አድርጎ ጻፈው። ዛሬ ብዙዎቹ ሥዕሎች አሜሪካ፣ ዬል ዩኒቨርሲቲ ይገኛሉ፤ የማን እጅ እንደሆኑም ታውቋል።

ልጅቷ አሰበች።

«ባሉጋኒ ከአሥር ስንት አገኘ?»

«በዚያን ጊዜ ምንም።»

«ብሩስስ?»

«ሙሉ።»

«ኮርጆ?» አለች። አባቷ ወደ መቀሱ ተመለከተ።

ካርቶኑን ወደ መኝታዋ ይዛው ሄደች። ሰኞ ጠዋት ሳትወጣ በፊት ከበር ላይ አስቆምናትና አየነው። ከታች፣ በእስክሪብቶ፣ እንዲህ የሚል ተጽፎ ነበር፦

ሥራው፦ የእኔ።
አረቄና ሎሚ፦ እማማ።
የማይነቃነቅ ቀለም፦ የኔታ።
ካርቶን መቁረጥ፦ አባዬ።
እርድ፦ እማዬ፣ ሳታውቅ።
ጭቅጭቅና ታሪክ፦ አጎቴ።